አሮጌ ዴስክቶፕ ማሻሻል ይሻላል ወይስ ስላይትሊ ዩዝድ መግዛት? ጅማ ላይ ሆነን እንዴት እንወስን

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሲፒዩአቸውን በጆንያ ጠቅልለው፣ ባጃጅ ላይ ጭነው፣ ሄርማታ ካለችው ሱቄ ድረስ አመጡልኝ። ጆንያው ሳይፈታ ጥያቄው መጣ።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይታከማል ወይስ ተስፋ ልቁረጥ?»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይመርመር እንጂ።»

«ሐኪሞቹም እንዲሁ እያሉ ነው ኪሴን ያራቆቱት» ብለው ሳቁ።

የኮምፒውተሩ ምርመራ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ እቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከምርመራው በኋላ «ይሻሻል ወይስ ይቀየር» የሚለው ነገር በአብዛኛው ራሱን በራሱ ይመልሳል። ለሚቀረው ደግሞ እኔ አንድ ሚዛን አለኝ፦ ዛሬ የምትገዙት ዕቃ ነገ ሌላ ማሽን ስትገዙ አብሯችሁ ይሻገራል ወይ? የሚሻገር ከሆነ ሳታመነቱ ግዙ። ከአሮጌው ጋር የሚቀር ከሆነ ሁለቴ አስቡ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

1. ሳትከፍቱ መርምሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ የዘወትር ሥራችሁን ጀምሩ፤ ክሮም ላይ አራት አምስት ገጽ፣ አንድ የወርድ ጽሑፍ፣ ቴሌግራም። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈቱና አሥር ደቂቃ ያህል እየሠራችሁ ተመልከቱት።

ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተተክሎ ፕሮሰሰሩ 10 ወይም 15 ላይ የሚንጎራደድ ከሆነ፣ ሕመምተኛው ዲስኩ ነው። ይሄ እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ነው። ሜሞሪው ከ85 ፐርሰንት በላይ ወጥቶ የማይወርድ ከሆነ ራም (ማሽኑ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበት ሜሞሪ) አንሶታል። ዲስኩም ራሙም ተረጋግተው ፕሮሰሰሩ ብቻ ለብዙ ደቂቃ 100 ላይ ከቆየ ግን ነገሩ ከበድ ይላል።

በዚያው መስኮት ላይ ሦስት ነገር ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠንና ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ («ስሎትስ ዩዝድ» ይላል)፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዲስክ) ይሁን ተራ ሃርድ ዲስክ።

የፕሮሰሰሩ ስም ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ስለሆነ። «ኮር አይ 7 ነው» ሲሏችሁ ምንም አልነገሯችሁም። ትውልዱ፣ ማለትም ጄኔሬሽኑ፣ ከጭረቷ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ 5-4570 ካለ 4ኛ ጄኔሬሽን ነው፤ አይ 5-8500 ካለ 8ኛ፤ አይ 5-10400 ካለ 10ኛ። ቁጥሩ ሦስት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ አይ 5-650፣ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። እስከ 7ኛው ድረስ የዴስክቶፕ አይ 3 ሁለት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚሠራው ክፍል) ብቻ ነበረው፤ ከ8ኛው ጀምሮ አራት ሆነ። ስለዚህ የ8ኛው አይ 3 ከድሮው አይ 5 ምንም አያንስም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ክፈቱ። «ሲስተም ታይፕ» የሚለው ላይ 32 ቢት ከተጻፈ ራም ልግዛ አትበሉ። 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ ራም አይጠቀምም፤ ብዙ ጊዜ 3.2 አካባቢ ላይ ነው የሚቆመው። 8 ጊጋ ራም አስገብቶ «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ የመጣ ልጅ ነበር። ራሙ ደህና ነው፤ ፎርማት ያደረገለት ሰው የጫነው ዊንዶውስ ነው ጉዱ።

በመጨረሻ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዳችሁ ዲስኩን ጠይቁት። ሰማያዊ «ጉድ» ካለ እሰየው። ቢጫ «ኮሽን» ካለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ገልብጡ። «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለው ቁጥር ዲስኩ በሕይወቱ ስንት ሰዓት እንደበራ ይናገራል፤ አንድ ሙሉ ዓመት ሳይጠፋ የበራ ዲስክ 8760 ሰዓት ይሆናል። በዚያ አስሉት።

2. ክፈቱትና አጽዱት

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የጅማ ማሽን ግን ከዕድሜው ይልቅ በእርጥበትና በአቧራ ነው የሚያረጀው። ዝናባችን ረጅም ነው፤ በጋ ሲገባ ደግሞ የአስፋልት ዳር ሱቅ ውስጥ ያለ ፋን ምን እንደሚስብ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ቡናው አለ። የቡናው ከሰልና ዕጣን ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ አጠገብ ነው የሚጨሰው፤ ጭሱ አቧራውን ያጣብቀዋል፣ ፋኑ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይጋገራል። የጋሼን ማሽን ስከፍት የዕጣን ሽታ ነው መጀመሪያ የተቀበለኝ።

ስፒናውን ከሶኬት ንቀሉ። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ክዳኑን ከፍታችሁ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባ የብረት አካሉን በእጃችሁ ንኩ።

ለስላሳ ደረቅ የቀለም ብሩሽና የእጅ ነፊ ይበቃችኋል። ፋኑን በጣታችሁ ያዙትና ንፉ፤ በነፋስ እየተፈተለ እንዲሽከረከር ከተዋችሁት ቡሽንጉ ይበላሻል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በጎማ መንፊያ አታስነፉ! ሰው ይህን በየጊዜው ያደርጋል። ከኮምፕሬሰሩ አየር ጋር ውኃና ዘይት አብሮ ይወጣል፤ እኛ የምንሸሸው ደግሞ እርጥበትን ነበር።

ራሙን ግራና ቀኝ ያሉትን መቆለፊያዎች ከፍታችሁ አውጡት። ወርቃማዎቹ ጥርሶች ደብዝዘው ወይም ነጠብጣብ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ነጭ የተማሪ ላጲስ ውሰዱ፤ ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ቀስ ብላችሁ አራት አምስት ጊዜ አሹት። ሲያብለጨልጭ ታዩታላችሁ። የላጲሱን ፍርፋሪ በብሩሽ ጥረጉና «ቀጭ» እስኪል ድረስ መልሱት። «ሲበራ ይጮሃል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው» ተብሎ ከሚመጣው ብዙው በዚሁ ይድናል፤ ላጲስ ስንት ብር እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። በሳኒታይዘር ለማጽዳት አትሞክሩ፤ ጄሉ ይቀራል።

እዚያው እያላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች ተመልከቱ። ጫፋቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እንደ ዳቦ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካለ ምርመራው እዚህ ያበቃል፤ በዚህ ማሽን ላይ ምንም አትግዙ።

የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ባትሪም ቀይሯት። ሲአር 2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስባችሁ በእሷ ነው። ቀኑ ሲዛባ ክሮም ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል፤ ሰው ደግሞ ኢንተርኔት ተበላሸ ብሎ ካርድ ይሞላል።

3. ወሰኑ

መጀመሪያ ስለ ዊንዶውስ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያደርግ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 14 ኦክቶበር 2025) አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማሻሻያውን ለተጨማሪ አንድ ዓመት፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በምዝገባ ይሰጣል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው የሚቀበለው ከ8ኛው ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። በጓሮ በር አስገብተው የሚጭኑላችሁ ሞልተዋል፤ ይሠራልም። ግን ማይክሮሶፍት አላውቀውም ያለው ማሽን ነው፤ አንድ ቀን ማሻሻያ ቢከለከል አቤት የሚባልበት የለም።

እንግዲህ በወረቀታችሁ ላይ ያለውን ስም ተመልከቱ።

ኮር 2 ዱዎ ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ አትድከሙ። ራሙ በአብዛኛው ዲዲአር 2 ነው (ዲዲአር የራም ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ትውልዱን ይነግራል)፤ ዛሬ ብትገዙት ነገ የሚገባበት ማሽን አታገኙም። 24ኤች2 ከሚባለው እትም ወዲህ ያለው ዊንዶውስ 11 በጓሮ በርም ቢሆን አይነሳበትም፣ ፕሮሰሰሩ የሚፈለገውን ትእዛዝ አያውቅምና። አጽድታችሁ ሊነክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ጫኑበትና ልጆች መጻፍ ይለማመዱበት።

2ኛ ወይም 3ኛ ጄኔሬሽን ከሆነ ኤስኤስዲ ብቻ ግዙለት፣ ሌላ ምንም። ኤስኤስዲው ነገ ተነቅሎ ይሄዳል።

ከ4ኛ እስከ 7ኛ ያለው ነው አከራካሪው። 4ኛው ዲዲአር 3 ራም ነው የሚጠቀመው፤ ያ ራም ወደ 8ኛው አይሻገርም። ስለዚህ ከተበላሸ ማሽን የወጣ ርካሽ ካገኛችሁ ግዙ፤ አዲስ አትግዙ። 6ኛና 7ኛው በአብዛኛው ዲዲአር 4 ናቸው፤ ያ ራም ለ8ኛውም ለ9ኛውም ይሆናል። በተለይ ከ2025 መጨረሻ ወዲህ በዓለም ገበያ የራም ዋጋ ስለናረ፣ ይህቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም።

8ኛና ከዚያ በላይ ከሆነስ? ምን አስጨነቃችሁ፤ ኤስኤስዲና ራም አስገቡና ሥራችሁን ሥሩ።

አሁን ሒሳቡ። የብር ቁጥር አልጽፍላችሁም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ይልቅ እንዲህ አስሉት፦ የምታስቡት ስላይትሊ ዩዝድ ማሽን ዋጋው 100 ነው በሉ። ለአሮጌው የምትገዙትን ሁሉ ከዚያ 100 ስንት እንደሚሆን ቁጠሩ። ኤስኤስዲውን ግን አትቁጠሩት፤ የሚሻገር ስለሆነ ወጪ ሳይሆን ቅድመ ክፍያ ነው። የቀረው፣ ማለትም ራሙ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ የእጅ ዋጋው፣ ከ40 ካለፈ አሮጌውን ተዉት። 40 የሚለው የኔ ልክ ነው፤ ብዙ ሰው 50 ይላል። እኔ ዝቅ ያደረግኩት አሮጌ ማሽን አንዱን ጠግናችሁ ስትጨርሱ ሌላው እንደሚነሳ ስለማውቅ ነው።

የጋሼ ማሽን 4ኛ ጄኔሬሽን አይ 3 ነበር፤ 4 ጊጋ ራም፣ ዲስኩ 100 ላይ የተተከለ። ጋሼ የሚፈልጉት ማንበብ፣ የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍና ዩቲዩብ ማየት ነው። አንድ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ከሞተ ማሽን የወጣ 4 ጊጋ ራም፣ አንዲት ባትሪ። ለመነሳት አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሳ። «እኔንስ እንዲህ የሚያደርግ ዕቃ የለህም?» አሉኝ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ አካባቢ የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ ደንበኛዬ ግን ኮር 2 ዱዎ ይዛ ነው የመጣችው። «ወንድሜ፣ ራም ጨምርልኝና ልሂድ፤ የተመራቂዎች ጥናት ተከምሮብኛል» አለች። አልጨምርም አልኳት። ተቀየመችኝ፤ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። የእሷን ነገር ወደ ታች አነሳዋለሁ።

4. ካሻሻላችሁ፦ ቅደም ተከተሉ

መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ውጭ ገልብጡ። የጽሕፈት ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ከፋይሉ ጋር ፎንቶቹንም አብራችሁ ውሰዱ። የድሮ የአማርኛ ጽሑፍ፣ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ፣ ዩኒኮድ (ማሽኖች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) አይደለም። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ጉድ ነው የሚታያችሁ። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ልብሱ ነው የጠፋው። በቁቤ የተጻፈው የኦሮምኛ ሰነድ ይህ ጣጣ የለበትም፣ በማንኛውም ፎንት ይነበባል። ስለዚህ ግማሹ ሥራችሁ ደህና ሆኖ ግማሹ ብቻ ሲበላሽ አትደናገጡ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ማኅደር ሙሉውን ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ያዙ።

ቀጥሎ ኤስኤስዲው። ለአሮጌ ዴስክቶፕ የሚሆነው 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ነው። ሃርድ ዲስኩ በሴኮንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ሲያነብ፣ ይሄ 500 አካባቢ ያነባል፤ ትልቁ ልዩነት ግን ትናንሽ ፋይሎችን እየለቃቀመ ሲያነብ ነው። ተጨማሪ ገመድ ካላገኛችሁ የሲዲውን ገመድ ንቀሉና ተጠቀሙበት፣ ሲዲ ማን ይጠቀማል ዛሬ። በቀጫጭን ማሽኖች ላይ ግን የሲዲው የመብራት ገመድ አጠር ያለ ነው፤ አይገባም፤ አታስገድዱት። ኤስኤስዲው ቀላል ስለሆነ የሚታሰርበት ቦታ ቢጠፋ በሁለት ጎን ማጣበቂያ ፕላስተር ብትለጥፉት ምንም አይሆንም። የሚሽከረከር ነገር የለውም።

ዊንዶውሱን ከአሮጌው ዲስክ አትገልብጡት፤ ከነቫይረሱ ነው የሚሻገረው። አዲስ 64 ቢት ጫኑ። ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት የተደረገ ከሆነ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያንኑ ዓይነት ስትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይለየዋል። በዚህ ጊዜ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ፣ ተሳስታችሁ እሱን ፎርማት እንዳታደርጉት።

ራም ስትገዙ የያዛችሁትን አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 መሐላቸው ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ይለያያል፤ ግፊት አያስገባውም። በእጅ የሚያዙት ትናንሾቹ ሲፒዩዎች ደግሞ የላፕቶፕ ራም ነው የሚወስዱት። ከአንድ 8 ጊጋ ይልቅ ሁለት ባለ 4 ጊጋ የተሻለ ይሮጣል፤ ምስሉን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚጋራ ማሽን ላይ በደንብ ይታወቃል።

ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ከሆነ ጠርጋችሁ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብ አድርጉበት። ፕሮሰሰር መቀየር ግን አልመክርም፤ ለዚያ የምታወጡት ከአሮጌው ጋር የሚቀር ነው።

5. ከገዛችሁ፦ ሳትፈትሹ አትክፈሉ

ስላይትሊ ዩዝድ የምንለው አብዛኛው ውጭ አገር ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ተጠቅመውበት በጅምላ ያወጡት ነው። ሪፈርቢሽድ ሲባል ተፈትሾ፣ የደከመው ዕቃ ተለውጦለት ማለት ነበር። እኛ ገበያ ላይ ሁለቱም በአንድ ስም ይሸጣሉ፤ አንዳንዱ የተደረገለት «ፍተሻ» በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈታሾቹ እናንተ ናችሁ።

ምን ትፈልጉ? ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060፣ 5060 ወይም 7060፤ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ 4፤ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም 720። ሁሉም 8ኛ ጄኔሬሽን ይዘው የወጡ ናቸው። በስም ብቻ አትመኑ፦ ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚባለው በ2012 ወጥቶ ነበር፣ ዴል ያንኑ ቁጥር በ2023 ለሌላ አዲስ ማሽን ደገመው። በመካከላቸው አሥር ትውልድ አለ፤ ሻጩ የሚነግራችሁ ግን «7010 ነው» ብቻ ነው። ዴሉ ጀርባ ላይ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ሰርቪስ ታግ አለ፤ ስልካችሁን አውጡና የዴል ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፣ መቼ ከፋብሪካ እንደወጣ ይነግራችኋል።

ከማብራታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። እዚህ ጋ የኔን ጉድ ልንገራችሁ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ገዛሁ፤ ንጹሕ፣ የሚያምር። ሶኬት ላይ ሰክቼ የማብሪያውን ቁልፍ ስነካ እንደ ጥይት ጮኸ፣ ከኋላው ነጭ ጭስ ወጣ፣ የሱቁ መብራት በሙሉ ጠፋ። ጀርባው ላይ ከስፒናው አጠገብ ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ነበረች፤ 115 ላይ ነው የቆመችው። የኛ መብራት 220 ነው። በካቻቪቴ ጫፍ ወደ 230 ገፋ ማድረግ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አንድ ሴኮንድ። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ የተለመደው ባለ 24 እግር ሳይሆን የራሱ ባለ 8 እግር ሆነና ምትኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት ጠበቅኩ። አዳዲሶቹ በአብዛኛው ቮልቴጁን ራሳቸው ይለያሉ፤ ቢሆንም መለያው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ካላያችሁ አትሰኩ።

ገመዱንም ተመልከቱ። ከዱባይ የመጣው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና ነው። በርካሽ አስማሚ ከማያያዝ ገመዱን በሙሉ በኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ቀይሩት።

ሲበራ ወዲያው ዴል ከሆነ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 1 እየመታችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ። ፓስዎርድ ከጠየቃችሁ የድሮው ድርጅት ቆልፎታል። ሻጩ «ችግር የለውም» ይላል፤ ችግር አለው። ወይ እፊታችሁ ያስነሳው፣ ወይ ሌላ ያምጣ።

ከዚያ ቁጭ በሉ። ቡና ካዘዙላችሁ ጠጡ፤ ማሽኑ ግን ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ እያጫወተ ይቆይ። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ የፕሮሰሰሩን ስም ከተነገራችሁ ጋር አስተያዩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሹ ሞክሩ፣ የኔትወርኩንም፣ የድምፁንም። ሦስት ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩ። ክዳኑን ክፈቱልኝ በሉ፤ የማይከፍት ሻጭ የሚደብቀው አለው።

ጀርባው ላይ ያለውን የሞኒተር ቀዳዳ ሳታዩ ደግሞ እንዳትወጡ። የቂጦ ፉርዲሳዋ ደንበኛዬ እንዳልኳት 8ኛ ጄኔሬሽን ገዛች፤ ጥሩ ማሽን ነበር። እቤት ስትደርስ ሞኒተሯ ባለ ሰማያዊ ቪጂኤ፣ ማሽኑ ደግሞ ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ። ደውላ «ሸወዱኝ!» አለችኝ። አልሸወዷትም፤ ኮንቨርተር የምትባል አንዲት ጣት የምታህል ነገር ነው የጎደላት። ግን ቅዳሜ ማታ ነበርና እሑድን በሙሉ ተማሪዎቹን ስትለምን ዋለች። ሰኞ ኮንቨርተሩ ሲገኝ ደግሞ የሁለት ዓመት የአማርኛ ሰነዷ ሁሉ በምልክት ተሞልቶ ተከፈተ። ፎንቶቹን ከኮር 2 ዱዎው ገልብጠን ጫንን፣ ተነበበ።

አዲስ አበባ ወይስ እዚሁ?

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። የአንድ ወር ዋስትና ተሰጥቷችሁ በሃያኛው ቀን ቢበላሽ፣ ለትራንስፖርትና ለአልጋ የምታወጡት የተረፈውን ይበላዋል። ለአንድ ማሽን ከሆነ ጅማ ላይ ጥቂት ጨምራችሁ፣ ደረሰኝና በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትና ይዛችሁ ብትገዙ ይሻላል ባይ ነኝ። አምስት ስድስት ከሆነ፣ ለምሳሌ ለማሠልጠኛ፣ ሂዱ።

ካመጣችሁ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አታስጭኑት። ሃርድ ዲስክ ካለው ነቅላችሁ በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ያዙ። የጊቤን በረሃ ወርዶ የወጣ ሲፒዩ ውስጡ መናወጡ አይቀርም፤ እቤት እንደደረሰ ሳታበሩ ክፈቱ፣ ራሙንና ገመዶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጉ። ዝናብ ላይ ከመጣ ደግሞ አንድ ሌሊት ደረቅ ክፍል ውስጥ ይደር።

አሮጌም ሆነ የተገዛ፣ ማሽኑን ከወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ስታብላይዘር አድርጉለት፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ስፒናውን ንቀሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወዲያው አታብሩ፣ አምስት ደቂቃ ይረጋጋ። መብራት የሚያስመርራችሁ ከሆነ ትንንሾቹን ሲፒዩዎች አስቡባቸው፦ በስማቸው መጨረሻ «ቲ» ያለባቸው ፕሮሰሰሮች፣ ለምሳሌ አይ 5-8500ቲ፣ በ35 ዋት ልክ የተሠሩ ናቸው፤ የ4ኛው አይ 5-4570 ደግሞ 84 ዋት ነው። በትንሽ ዩፒኤስ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

አሮጌውን ምን እናድርገው?

ኤስኤስዲውን ነቅላችሁ አዲሱ ላይ አስገቡት። ሃርድ ዲስኩ «ጉድ» የሚል ከሆነ የዩኤስቢ መያዣ ገዝታችሁለት የፋይል መጠባበቂያ አድርጉት። ራሙን አትጣሉት፣ እኔን ለመሰለ ባለሱቅ ሽጡት፤ የጋሼ 4 ጊጋ ራም ከእንዲህ ያለው ነው የመጣው። የቀረውን ለመሸጥ ወይም ለመስጠት ካሰባችሁ ግን ዲስክ የሚባል ነገር ውስጡ አስቀርታችሁ አትስጡ። ባለፈው ወር አንዱ ያመጣልኝን አሮጌ ማሽን ስከፍት የቀድሞው ባለቤት የሠርግ ፎቶ፣ የባንክ ደብተር ቅጂና የመታወቂያው ስካን ሙሉውን ቁጭ ብሎ አገኘሁት።